ልጅ ሳይወልዱ ያሳደጉን አጎታችን፤ ለሙት ዓመታቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዴት ልጻፍ?

ጠያቂ፦ የደብረ ወርቁ የእኅት ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእናቴ ታናሽ ወንድም የሆኑት አጎታችን ባለፈው ዓመት መጋቢት 20 ቀን ዐርፈው፣ ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ በሚገኘው የትውልድ ቀያቸው ተቀብረዋል። ሙት ዓመታቸው እየቀረበ ስለ ሆነ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ በዕለቱ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እኔ እንድጽፍ ወስኗል። ለዚህ የተመረጥሁት ብዕር ስለሚቀናኝ ሳይሆን፣ ከቤተሰቡ መካከል አዲስ አበባ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፍ የሚውለው እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ ነው።

በቀብሩ ዕለት የተነበበው ጽሑፍ በጥድፊያ የተዘጋጀ ነበር። አስከሬኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ሲደርስ ወረቀቱ ገና አልተጻፈም፤ ከዚያ በኋላ ነው አንድ የአክስቴ ልጅ መኪና ውስጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጻፈው። የወጣውም ሁላችንም በየቀብሩ የምንሰማውን መልክ ይዞ ነው፤ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የቄስ ትምህርት ተማሩ፣ ትዳር መሥርተው ይኖሩ ነበር ካለ በኋላ፣ የልጆች ስም የሚዘረዘርበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሚጻፍ ነገር ጠፋ። አጎታችን ልጅ አልወለዱምና አንባቢው ከትዳራቸው በቀጥታ ወደ ሕመማቸው፣ ከሕመማቸውም ወደ ዕረፍታቸው ዘለለ። በዚያ ዝላይ ውስጥ የወደቀው ዘመን የእኛ የእኅትና የወንድም ልጆቻቸው ዕድሜ ነው።

አባቴ ሲሞት እኔና ሁለት እኅቶቼ እርሳቸው ቤት ገባን። በኋላም ደብረ ወርቅ ከተማ ቤት ተከራይተን ስንማር፣ በገበያ ቀን ስንቃችንን በአህያ ጭነው ያመጡልን ነበር። የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ይመጣል፤ በዱቄቱ ስልቻ ውስጥ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ የደብተርና የቤት ኪራይ ብር ተቀብሮ ይገኛል። እኔ ወንዱና ታላቁ ሆኜ ሳለ ብሩን በእጄ የማይሰጡኝ ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም ነበር። ዱቄቱን የምትነፋው እኅቴ ስለ ነበረች ገንዘቡ የሚገኘው ሁልጊዜ በእርሷ እጅ ነው፤ እንዴት እንደሚወጣም የምትወስነው እርሷ ሆነች። ዛሬ እኅቴ ይህን ስታነሣ ትስቃለች።

ይህ የእኔ አጎት ነው። እናቴን ብጠይቃት ግን የምትነግረኝ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ያለ ዕድሜዋ ስትዳር ተከትሏት ሄዶ፣ አማቶቿ ቤት ደጃፍ ላይ «እኔም እዚሁ አድራለሁ» ብሎ ያስቸገረውን ታናሽ ወንድሟን ነው የምታውቀው። አብሮ አደግ ጓደኛቸውን ብጠይቅ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይመጣል፤ ደበሎ ለብሶ ኮሮጆ አንግቦ ቅኔ የቆጠረ፣ የገና ጨዋታ ላይ ዳኛ የሚያስቸግር፣ በነገር ወጋ የሚያደርግ ሰው ነበሩ ይለኛል። እኛ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አላየንም።

የምቸገርባቸው ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። የትውልድ ዘመናቸው በትክክል አይታወቅም፤ አያቴ «በዘመነ ማርቆስ፣ በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ነው የወለድሁት» ትል ነበር። በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ምክንያት ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ተቀያይመው ለብዙ ዓመታት ሳይነጋገሩ ቆይተዋል፤ ታላቅየው ዛሬም በሕይወት ስላሉ በዕለቱ ከፊት ይቀመጣሉ። እንዲሁም በደም የሚፈላለጉ ሁለት ቤተሰቦችን ካስታረቁት ሽማግሌዎች አንዱ ስለ ነበሩ፣ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ይመጣሉ። የትኛው ይጻፍ፣ የትኛውስ ይቅር? በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ መሪጌታ፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ከሁሉ አስቀድመህ የክርስትና ስማቸውን አረጋግጥ። በጸሎተ ፍትሐቱ ካህናቱ ሰውየውን የሚጠሩት በዚያ ስም ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን የሚያውቀው የዓለም ስሙን ብቻ ስለ ሆነ በዕለቱ እርስ በርሱ ሲተያይ አያለሁ። የንስሐ አባታቸው ያውቃሉ፤ እርሳቸው ካለፉም የክርስትና አባታቸውን ወይም የክርስትና አባታቸውን ልጆች ጠይቅ።

መጋቢት 20 ምንጊዜም ከዐቢይ ጾም አይወጣም፤ ስለዚህ ጸሎቱን በቀኑ አድርሳችሁ ዝክሩን በጾም ምግብ ማድረግ ትችላላችሁ። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ጸሎቱን በቀኑ ያስደርስና ድግሱን ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ያደርገዋል። እንዲህ ከሆነ ጽሑፉ የሚነበበው ዘመድ ሁሉ በሚሰበሰብበት በሁለተኛው ቀን ቢሆን ይሻላል። የሕይወት ታሪክ በጸሎቱ መካከል መግባት የለበትም። ፍትሐት ስለ ነፍስ ምሕረት የሚለመንበት ጸሎት ነው፤ እዚያው ላይ «እንዲህ ያለ ቸር ሰው አልነበረም» ብሎ ማወጅ ልመናውን ያደናቅፋል። ጸሎቱ አልቆ ሕዝቡ ከዳሱ ሥር ሲቀመጥ፣ ጸበል ጸዲቁ ከመቅረቡ በፊት ይነበብ፤ ጠላው ከዞረ በኋላ የሚሰማህ አታገኝም።

ቤተ ክርስቲያናችን ሣልስትን፣ ሰባትን፣ ዐሥራ ሁለትን፣ ሠላሳን፣ አርባን፣ ሰማንያን፣ መንፈቅንና ሙት ዓመትን የምታስበው ያለ ነገር አይደለም። ሣልስቱ የጌታን ትንሣኤ፣ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ያለቀሱበትን ሠላሳ ቀን ያስታውሳል፤ አርባና ሰማንያ ደግሞ በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ተጻፈው አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት የገቡበት ነው። ይህን የማነሣው ለአንተ ሥራ ስለሚጠቅም ነው። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ስለ አጎትህ አንድ ነገር ብሏል። በሣልስቱ ማን ምን ተናገረ? በአርባውስ ሳትጠብቀው ከሩቅ የመጣ ሰው ማን ነበር? የመጣበትን ምክንያት ብትጠይቀው አንድ አንቀጽ ታገኛለህ።

ቅኔ ቆጥረዋል ካልህ መምህራቸው ማን እንደ ነበሩና የየትኛው ቤት ተማሪ እንደ ነበሩ ጻፍ። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ተማሪ የሚታወቀውም በመምህሩ ነው። በዕለቱም አንድ የቅኔ መምህር ጉባኤ ቃና እንዲያበረክቱ ለምኑ። ሁለት ቤት ብቻ ስለ ሆነ ጊዜ አይወስድም። ግእዙ ያልገባው ሰውም ቢሆን የአገራችን ሰው ነውና ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ የገባው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ረስቶ እርሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መልስ፦ የሞጣዋ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። የስልቻውን ነገር ሳነብ የራሴ ወንድም መጣብኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ያ ዱቄት በማን እጅ ተፈጨ? በሶውን ማን ቈላው? በርበሬውን ማን ደለዘው? በጥያቄህ ውስጥ እናትህን፣ እኅትህን፣ ጓደኛቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አንሥተሃል፤ የአጎትህን ባለቤት ግን አላየኋቸውም። ልጅ ያልወለደች ሴት በአገራችን ምን እየተባለች እንደምትኖር ታውቃለህ፤ አጎትህ ያን ሁሉ ዘመን ሌላ ሴት ሳይሹ አብረዋቸው መኖራቸው ራሱ አንድ ታሪክ ነው። እኔ አንተን ብሆን ጽሑፉን ከመጀመሬ በፊት ከእርሳቸው ዘንድ ሄጄ ቡናቸውን እየጠጣሁ አንድ ቀን እውላለሁ። በእርግጥ መጀመሪያ ላይ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንዶቹን ጠይቅ» ይሉሃል።

«ልጅ አልነበራቸውም» ብለህ አትጻፍ፤ ሰዉ ያውቀዋል። «በእነ እገሌ ቤት ያደጉት» ብለህ ስማችሁን በዕድሜ ቅደም ተከተል ጥራ። ከስማችሁ ፊት ግን ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ሥራ አስኪያጅ እያልህ አትደርድር፤ እንዲህ የተደረገበት ተዝካር ላይ ተቀምጬ የሟቹን ስም ፍለጋ ጆሮዬን ስቀስር ውያለሁ። ተምሮ ያልተሳካለትም፣ ዐረብ አገር ሄዳ የተመለሰችውም፣ እርሻ ላይ የቀረውም እኩል ይጠራ።

ሌላው ሙሾው ነው። የእኛ አገር አስለቃሽ ዝም ብላ አትገጥምም፤ ድንኳኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጓዳ ገብታ ከእኅቶቹና ከምራቶቹ ዘንድ ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ ምን ይወድ እንደ ነበር፣ ማንን እንደ ደገፈ ጠይቃ ነው የምትወጣው። ስለዚህ በለቅሶው ቀን የተባለው ሙሾ ውስጥ እናንተ ወንዶቹ ያልሰማችሁት ታሪክ አለ። የእኔ ወንድም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የቄስ ትምህርቱ ስለ ነበረው ጎረቤቱን በኩራዝ ብርሃን ያስተምር ነበር። በለቅሶው ዕለት አንዲት ጎረቤቱ ተነሥታ፣

«ቀን በሬ ጠምዶ፣ ማታ ፊደል ሲያስጠና፣
ዕረፍት ሳያውቃት ዛሬ ዐረፈና።»

ብላ አወረደች። ሴትዮዋ ፊደል የቆጠረችው ከእርሱ ዘንድ ነበር፤ እኔ እኅቱ ግን ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሙሾ በቶሎ ይረሳል፤ በአጎትህ ለቅሶ ላይ ማን ምን እንዳለች የሚያስታውሱ ሴቶች ዛሬውኑ ይጠየቁ። እናትህ ታስታውሳለች። አታስታውስም ብለህ አታስብ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ከእኔ በፊት የጻፉት ወይዘሮ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ የትውልድ ዘመኑን ልያዝልህ።

አያትህ የተናገሩት ቃል ከብዙ የልደት ወረቀት ይበልጣል። ዘመነ ማርቆስ የሚገኘው ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለ4 ስታካፍለው 2 ሲተርፍ ነው፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። በዚህ ሒሳብ 1938፣ 1942፣ 1946 እና 1950 ዓ.ም. ሁሉም ዘመነ ማርቆስ ናቸው። ቀኑ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የሰኔ ሚካኤል ሰኔ 12 ስለሚውል ማግሥቱ ሰኔ 13 ይሆናል። የቀረህ ከእነዚህ ዓመታት አንዱን መምረጥ ነው።

ለዚህም የአገሩን ታላላቅ ነገሮች እንደ ችካል ተጠቀምባቸው። የጎጃም ገበሬ የትውልድ ዓመቱን ባያውቅም በ1960 ዓ.ም. ሞጣና ቢቸና የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው ሲያምፁ ስንት ዓመቱ እንደ ነበር ይነግርሃል፤ አባቱ ጫካ ገብቶ ነበር፣ እርሱ እረኛ ነበር ወይስ ስንቅ አመላላሽ? የመሬት ዐዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ሚስት አግብቶ ነበር ወይስ አላገባም? በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ምስል ያለበት ብር ሲለወጥ የመጀመሪያ ቤቱን ሠርቶ ነበር? በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ወደ ፓዊ የሚሰፍሩ ሰዎችን የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ምን ይሠራ ነበር? በእነዚህ ካልጠበበልህ አብሮ አደጉን «በስንት ትበላለጡ ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን «ገደማ» የምትለዋን ቃል አትተዋት።

ወረቀትም ፈልግ። የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የዕድር መዝገብ፣ ከጓዳ ሣጥን ሥር የተቀመጠ የልጆች የትምህርት ቤት ካርድ ብዙ ይናገራል። የእኔን አባት ታሪክ ስጽፍ የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ዕድሜ ከእውነተኛው በዐሥር ዓመት ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ መዝጋቢው ፊቱን አይቶ የገመተው ነበር። ስለዚህ ለቀን ሳይሆን ለነገሩ ተጠቀምበት።

የወንድማማቾቹን ቅያሜ በተመለከተ ይጻፍ ባይ ነኝ። በ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ ያልተቀያየመ የጎጃም ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ በዳሱ ሥር የሚቀመጠው ሰው ግማሹ እንዲህ ያለ ቁስል አለበት። እናንተ ብትዘሉትም ሰዉ በጆሮው ይንሾካሾካል። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ተቀያይመው ነበር፣ ታረቁ ወይም ሳይታረቁ ቀሩ።

መልስ፦ የቢቸናው ሽማግሌ

ከመምህሩ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ አፈር ገብቷል። ሕያው የሆነው ሰው በሕዝብ ፊት ተቀምጦ ስለ ራሱ ጠብ ሲነበብ መልስ መስጫ የለውም፤ ቢናገር «ከሙት ጋር ይከራከራል» ይባላል፣ ዝም ቢል በዳዩ እርሱ ይመስላል። የእኅቱ ልጅ ጽፎ የሚያነብበት ነገርም አይደለም። መምህሩ እንዳሉት አንድ ዐረፍተ ነገር ቢሆን እንኳ፣ ያን ዐረፍተ ነገር የመናገር መብት ያለው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሄደህ እግራቸው ሥር ተቀመጥና ጠይቃቸው፤ «ጻፈው» ካሉህ በአፋቸው በነገሩህ ቃል ጻፍ።

የደሙ ጉዳይ ደግሞ ፈጽሞ አይነሣ። ደም ስናደርቅ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ከሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል፤ ካህን መስቀል ይዞ ይገዝታል፤ ካሳው ተቈርጦ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ላይነሣ መሐላ አለበት። አጎትህ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከነበሩ እርሳቸውም በዚያ መሐላ ውስጥ ናቸው፤ በእርሳቸው ሙት ዓመት ላይ እገሌና እገሌን አስታረቁ ብሎ ማንበብ እርሳቸው የዘጉትን በር መክፈት ነው። «በሽምግልናቸው አገር የሚያውቃቸው» በል፤ ይበቃል። የሚመለከታቸው ሰዎች ማን እንደ ሆኑ ራሳቸው ያውቁታል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ዳስ ሥር ተቀምጠው ከአንድ እንስራ ሲጠጡ የሚያየው ሰው ሁሉ ደግሞ ያለ ንባብ ይረዳዋል።

እኔ በሽምግልና ስዞር ያየሁትን ልጨምር። ጎበዝ ሽማግሌ የሚባለው ንግግር የሚያሳምረው አይደለም፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ሂድ ተብሎ አራተኛ የሚሄደው ነው። ስለ አጎትህ ሽምግልና ማወቅ ከፈለግህ ስለ ንግግራቸው ሳይሆን ስለ እግራቸው ጠይቅ፤ በዝናብ፣ በጭለማ፣ ወንዝ ሞልቶ የት ድረስ ይሄዱ እንደ ነበር የሚነግርህ አታጣም።

የጠያቂው ምላሽ፦ የደብረ ወርቁ የእኅት ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት አገር ቤት ወርጄ ነበር፤ ያገኘሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ።

የትውልድ ዘመኑን አብሮ አደጋቸው ፈቱት። እርሳቸው በዘመነ ዮሐንስ የተወለዱ ሲሆን አጎቴ በሁለት ዓመት ይበልጧቸው እንደ ነበር፣ ክረምት ወንዝ ሲሞላ በጀርባቸው አዝለው ያሻግሯቸው እንደ ነበር ነገሩኝ፤ በዐመፁ ዓመት ሁለቱም እረኞች ነበሩ። ስለዚህ 1946 ላይ አርፌያለሁ፤ «ገደማ»ንም አልተውኋትም።

ወደ ባለቤታቸው ሄጄ አንድ ቀን ዋልሁ። እንደ ተባለው መጀመሪያ «ወንዶቹን ጠይቅ» አሉኝ። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ግን በስልቻው ውስጥ ብር የመቅበሩ ሐሳብ የራሳቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። አጎቴ ብሩን ለእኔ ለወንዱ ልጅ ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፤ እርሳቸው ግን «ልጅቷ እጅ ላይ ይውደቅ፤ ወንዱ ኳስ ይገዛበታል» ብለው ከለከሏቸው። ብሩን በፌስታል የሚጠቀልሉትም እርሳቸው ነበሩ። ኳስ መግዛቴ የሚቀር አልነበረም።

ታላቅ አጎቴንም ጠየቅሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «አንተ አትጻፈው። እኔ እናገረዋለሁ» አሉኝ። ምን ሊሉ እንደ ሆነ አልነገሩኝም፤ ከንባቡ በኋላ ቦታ እንዲሰጣቸው ለዳሱ አስተናባሪ ነግሬያለሁ።

የጽሑፉ መግቢያ ለጊዜው ይህን ይመስላል፤ ስሞቹን ለእናንተ ሳልጽፍ ትቻቸዋለሁ።

«በ1946 ዓ.ም. ገደማ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ተወለዱ። በልጅነታቸው ከብት ጠበቁ፤ ከፍ ሲሉም ደበሎ ለብሰው ኮሮጆ አንግበው ከመምህር እገሌ ዘንድ ቅኔ ቆጠሩ። አባታቸው ሲያርፉ ጉባኤውን ትተው ሞፈሩን ያዙ፤ ያቋረጡትን ቅኔ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በበሬዎቹ ኋላ ሲያንጎራጕሩ እንሰማቸው ነበር። የመሬት ዐዋጅ በታወጀ በዓመቱ፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ከወይዘሮ እገሊት ጋር ተጋቡ። በእነዚህ ባልና ሚስት ቤት ያደጉት እነ እገሌ፣ እነ እገሊት ናቸው። በገበያ ቀን ከአህያ ላይ የሚወርደውን ስንቅ ባለቤታቸው ያዘጋጁ፣ እርሳቸው ይጭኑ፣ እኛ እንበላ ነበር። በሽምግልናቸው አገር ያውቃቸዋል። ወንዝ ሞልቶ ያልተሻገሩበት ጊዜ ቢኖር የሚነግረን ሰው አላገኘንም።»

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እናቴ የለቅሶውን ሙሾ አስታውሳ አራት ያህል ግጥሞችን ነግራኛለች። ከጽሑፉ ጋር እኔ ላንብባቸው ወይስ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የሞጣዋ

አንተ አታንብበው። ሙሾ በወረቀት በወንድ ድምፅ ሲነበብ እንደ ማስታወቂያ ይሆናል፤ እናትህ አጠገብህ ትቁምና ስለ ስንቁ የሚናገረው አንቀጽ እንዳለቀ ራሷ ታውርደው። ድምፅዋ ከተያዘባት ሌሎቹ ሴቶች ይቀበሏታል። ባለቤታቸውም ከፊት ወንበር ይሰጣቸው፤ ጓዳ እንዳትተዋቸው።

መልስ፦ መሪጌታ፣ ከደብረ ማርቆስ

መግቢያው መልካም ነው። የክርስትና ስማቸውን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አስገባው፤ በበሬዎቹ ኋላ ያንጎራጕሩት የነበረው ቅኔ ምን እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ካለም ጽፈህ ላክልኝ። መምህራቸው ማን እንደ ሆኑ ካወቅሁ የዚያ ቤት ልጅ የሆነ ሰው ፈልጌ ጉባኤ ቃናውን አስይዤ እልክላችኋለሁ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ያለውን ቀን ስትቈርጡ አሳውቁኝ።